የቅዳሜዋ አስተማሪ

«በቃ! አቁሙ!»

አያንቱ እጇን አወረደች። በኅብረት ፊደል ሲቆጥሩ የነበሩት ኢያቄምና ቲና ዝም አሉ። ኮርሳ ግን ዓይኑን ዴስኩ ላይ ተክሎ፣ የሚቆጥር ይመስል፣ ድምፅ ሳያወጣ አፉን ማንቀሳቀሱን ቀጠለ። ቲና ሳቀችበት።

«ኮርሳ!»

መልስ የለም። አያንቱ ከጀርባው ዞራ ባለ በሌለ ኃይሏ አጨበጨበች። ኢያቄም ከመቀመጫው ዘለለ። ኮርሳ ዘወር እንኳ አላለም። ትከሻውን ስትነካው ግን ቀና ብሎ አፍ አፏን አየና ፈገግ አለ፤ ከዚያ ከንፈሩን እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመረ።

አይሰማም! ስንት ቅዳሜ ሙሉ «ሰነፍ፣ ድምፅህን አውጣ» እያለች የጮኸችበት ልጅ ጭራሽ አይሰማም። ደሟ ፈላ። መጀመሪያ በራሷ፣ ቀጥሎ ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ ባስገቧት ሰውዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመናገር ችግር ላለባቸው ልጆች የቅዳሜ ክፍል እንዲከፍቱ ታዘው የነበሩት ቲቸር በቀለች ናቸው። የሁለት ቀን ሥልጠናም ወስደው ነበር። ክፍሉ ሳይከፈት ግን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ዳይሬክተሩ አቶ ሙሉሰው ታዲያ የስምንተኛ ክፍሏን አያንቱን አስጠሯትና «አንቺ አማርኛሽ ጥሩ ነው፤ ሰልፍ ላይም ግጥም ታነቢያለሽ። እነዚህን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አናግሪያቸው» አሏት። ምን ብዬ ላናግራቸው ብትል፣ «አናግሪያቸዋ!» አሉ። ዝግጅቱ በቃ ይኸው ነው።

አያንቱ የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሯት መንገድ፤ ሁሉም ባንድ ላይ፣ እየተወዛወዙ፣ በዜማ። ደግሞ ሠራላት! ስሙን ለመናገር የአንገቱ ሥር እስኪገታተር የሚታገለው ኢያቄም፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን አንዴም አይንተባተብም። አያንቱ ለጓደኞቿ «አዳንኩት» ብላ ጉራዋን ነዝታለች። በር ላይ ሲሰናበታት ግን «ደ… ደ… ደህና» እያለ መታገሉ አልቀረም። እያየች አላየችም።

ልጆቹን እዚያው ትታ ወደ ዳይሬክተሩ ሮጠች። አቶ ሙሉሰው ግቢው ውስጥ ቆመው የአበባ መደቡ ዙሪያ ያሉትን ድንጋዮች ኖራ ያስቀቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ኮርሳ አይሰማም። የሱ ችግር ጆሮው ነው። ሐኪም ይየው።»

«ማክሰኞ ክፍሉን ያስከፈቱት የረድኤት ድርጅት ሰዎች ይመጣሉ» አሉ ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳይነቅሉ። «ልጆቹ በኅብረት ፊደል ይሉላቸዋል፤ እነሱ ያጨበጭባሉ፤ ይሄዳሉ።»

«ኮርሳስ?»

«ከኋላ ይቁምና አፉን ያንቀሳቅስ። ማን ይነቃበታል?»

«ኢያቄምም ብቻውን ሲሆን አሁንም…»

«አያንቱ! ገመናችንን ለባዕድ አንዘረግፍም። ለውጥ የለም ብንላቸው አስተማሪ የላችሁም ወይ ይላሉ።»

«የለንማ!»

አመለጣት። አቶ ሙሉሰው አሁን ገና ቀና ብለው አዩዋት። «ሚኒስትሪ ትፈተኛለሽ አይደል? ምላስሽን ትተሽ እሱን አጥኚ።»

ስትመለስ የኮርሳ እናት ወይዘሮ ገዲሴ በር ላይ ቆመዋል። ከጀሞ ወተት ይዘው ይመጡና ሸጠው እስኪጨርሱ ልጃቸውን እዚህ ይተዉታል።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ኮርሳ እንዴት ነው? ሊናገር ነው?»

«ደህና ነው» ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«እትዬ ገዲሴ፣ ኮርሳ አይሰማም።»

ሴትየዋ ልጃቸውን አዩት። ተጣርተው እምቢ ያላቸው ጊዜ ሁሉ ትዝ ያላቸው ይመስል ፊታቸው ጠቆረ። «ግትር ነው እያልኩ እመታዋለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ አያንቱ ዞረው «ታዲያ እስከ ዛሬ እዚህ ምን ስትሠሩበት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

ቤቷ እስክትገባ፣ ገብታም፣ ጥያቄው አያንቱን አልለቀቃትም። ምን ስንሠራበት ነበር? ኮርሳ ሰው ነው ወይስ ማስታወቂያ?

ማክሰኞ ጠዋት ኢያቄምን ለብቻው ጠራችው።

«እንግዶቹ ፊት ስምህን ብቻህን ትናገራለህ? አልፈልግም ማለት ትችላለህ። ማንም አይቆጣህም።»

ኢያቄም ጫማውን አየ። «ከ… ከሳቁስ?»

«ከሳቁ ፋራ እነሱ ናቸው።»

ሳቅ አለና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። አቶ ሙሉሰው ከረባታቸውን እያስተካከሉ «እንግዲህ ውጤቱን ራሳችሁ ተመልከቱ» አሉና ለአያንቱ ምልክት ሰጧት። አያንቱ እጇን አነሳች። ልጆቹ ለመጀመር አየር ሳቡ። እጇን መልሳ አወረደችውና ኮርሳን ከኋላ አምጥታ ከፊት አቆመችው።

«ዛሬ በኅብረት አንልም» አለች። «ኢያቄም፣ ጀምር።»

«ስ… ስሜ ኢ… ኢ…»

አቶ ሙሉሰው ሳሉ። የኢያቄም አንገት ተገታተረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን አልተቀመጠም። መነጽር ያደረጉት እንግዳ አንጀታቸው አልችል አለና «አይዞህ የኔ ልጅ! ኢሳይያስ ነው?» አሉት።

«እሱ ይናገራል» አለች አያንቱ። «እኛ እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። ውጭ ደወል ተደውሎ፣ ልጆች ለዕረፍት ወጥተው ግቢው ሲንጫጫ እንኳ ጠበቁ።

«…ኢያቄም» አለ በመጨረሻ፤ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ስሜ ኢያቄም ነው።»

አቶ ሙሉሰው ፈጠን ብለው «አሁን ደግሞ በኅብረት…» ማለት ጀመሩ። አያንቱ ግን ወደሳቸው አልዞረችም። እጇን ኮርሳ ትከሻ ላይ አሳረፈችና እንግዶቹን አየቻቸው።

«ይሄ ደግሞ ኮርሳ ነው» አለች። «ጆሮው አይሰማም። እኔም አስተማሪያቸው አይደለሁም፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።»