ሞት የሌለበት ጤና ጣቢያ

አስከሬኑ የተገኘው በማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ነበር። ሰሌዳው ከጤና ጣቢያው በር ጎን ቆሞ በአረንጓዴ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «የተገልጋይ እርካታ፦ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ። የወረፋ ጊዜ፦ አጭር። ሞት፦ የለም።» ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዘው የሚያልፉ ጠያቂዎች ሳይቀሩ ቆም ብለው ያነቡታል። ሞት የለም የሚለውን ዜና በዚህ ሰፈር ሲያበስሩ የኖሩት ካህናት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ።

ሟቹ ጋሽ ወልደገብርኤል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። አጥሩን ተጠግቶ በተቀመጠው አግዳሚ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ኮታቸውን እንደ ብርድ ልብስ ደርበው፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ያባራው ጎህ ሲቀድ ነው። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪኖች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ።

ኢንስፔክተር ወርቅውሃ ጡረታዋ የደረሰ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ የምትከፍተው ዜና ፈልጋ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስላት ነው። ዛሬ ሳትከፍተው ነው የተጠራችው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀብተሚካኤል ከበሩ ላይ ተቀበላት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ። «ሰውየው ሌሊት መጥተው አንኳኩ። ዘበኛው አልከፍትም አለ። ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታቸው አድረው ሞቱ። ዘበኛው ይያዝልንና ነገሩ ይለቅ፤ ዛሬ የደረጃ ኮሚቴው ይመጣብናል።»

ዘበኛው ኦልጅራ ካቴና የሚጠብቅ ይመስል ሁለት እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ ቆሟል።

«እትዬ፣ ማንም አላንኳኳም።»

«ተኝተህ ባትሰማስ?»

«ዘበኛ አይተኛም። ዓይኑን ያሳርፋል እንጂ።»

«መቼ አሳረፍከው?»

ኦልጅራ መሬት መሬት አየ። «ጎህ ሲቀድ… ትንሽ። እትዬ፣ እኔ ብታሰር ማረሚያ ቤቱ ጎረቤቴ ነው፤ ልጆቼ ስንቅ ሲያመላልሱ የታክሲ አያወጡም። ግን ስንቁን ማን ይገዛላቸዋል?»

ወርቅውሃ ወደ አስከሬኑ ዞረች። አጎንብሳ ኮቱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ፊታቸውን አየች፤ ዓይናቸው ተከድኗል፣ አፋቸውም ገጥሟል። ነጩን ጺማቸውን በጣቷ ገለጥ ስታደርግ ከአገጫቸው ሥር እስከ ጆሯቸው የሚሄድ ቀጭን የጨርቅ ዱካ አገኘች። ከኮታቸው ኪስ ደግሞ ሁለት ክብ ፕላስቲኮች ወጡ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጠጠር እንለዋለን» አለ ኦልጅራ። «ታካሚ ወደ መጠበቂያው ሲገባ ሁለቱም ይሰጡታል። ታክሞ ሲወጣ፣ የረካ አረንጓዴውን፣ ያዘነ ቀዩን ሳጥን ውስጥ ይጥልና የቀረውን ይመልሳል። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ነው የሚመጣው።»

ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ መሬቱን የሚያቋርጥ ቢጫ መስመር አለ፤ የጤና ጣቢያው ክልል እዚያ ያበቃል። አግዳሚው ከመስመሩ ወዲያ ነው። የአግዳሚው እግሮች በጭቃው ላይ የተዉት አዲስ ቦይ ግን ከመስመሩ ወዲህ ይጀምራል።

አስከሬኑ ለምርመራ በአምቡላንስ ከሄደ በኋላ ወርቅውሃ ለኦልጅራ አግዳሚውን ጠቆመችው። «ወትሮ የት ነው የሚሆነው?»

«ከመስመሩ ወዲህ፣ እዚያ ጋ።»

«ቦታው መልሰው። የተጎተተበትንም ጭቃ በእግርህ ደልድለው።»

ብዙም ሳይቆይ ልጅ ያዘሉ ሁለት እናቶች መጥተው ተቀመጡበት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሌሊቷን ተረኛ፣ ሲስተር ሐናንን ነበር። ልጅቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ቁጭ ብላ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ጋሽ ወልደገብርኤልን ታውቂያቸዋለሽ?»

«የማያውቃቸው ማን አለ? በየቀኑ ነው የሚመጡት።»

«ምን ያማቸዋል?»

«ምንም።» ሐናን ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ወረፋ ይወዳሉ። አጠገባቸው ከተቀመጠው ሁሉ ያወራሉ። ካርድ ክፍል ስማቸው ሲጠራ ደግሞ ተነስተው ‹አቤት!› ይላሉ፣ ልክ እንደ ተማሪ። ‹በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ እዚህ ብቻ ነው› ይሉኝ ነበር። ማታ ማታ አረንጓዴ ጥለው ይሄዳሉ።»

«ትናንትስ?»

«አላየኋቸውም።»

በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር አለች። «ኢንስፔክተር… አፋቸው ክፍት ነበር እንዴ?»

«አልነበረም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐናን፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ቀጥሎ የገባው የጥራት ክፍሉ ባለሙያ ሉቃስ ነበር። ሰሌዳውን የሚጽፈው እሱ ነው። ደረቱ ላይ «ጥራት ባህላችን ነው» የሚል ባጅ፣ በእጁ ማኪያቶ ይዟል።

«ይቅርታ፣ ገና መድረሴ ነው» አለ። «ትራፊኩ አይጣል ነው! ማታ በጊዜ ወደ ቤቴ ገብቼ፣ አሁን ስመጣ አምቡላንሱ ሄዷል፣ ሁሉ ነገር አልቋል። ያሳዝናሉ ጋሼ። ግን በመረጃ ደረጃ ካየነው እኛን አይመለከትም።»

«እንዴት ነው የማይመለከታችሁ?»

«አግዳሚው ከመስመሩ ውጭ ነዋ! መስመሩን እኔ ነኝ ያሰመርኩት። ከመስመሩ ወዲህ የሞተ የእኛ ነው። ከዚያ ወዲያ የሞተ የመንገዱ ነው።»

«ለካ መንገዱም የራሱ ሰሌዳ ያስፈልገዋል» አለች ወርቅውሃ። በመስኮቱ አሻግራ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን እናቶች አየቻቸውና ሉቃስን አመስግና አሰናበተችው።

ረፋዱ ላይ ሁሉንም መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በማዕዘኑ በኩል፣ መቀመጫው የሳሳ አንድ ወንበር አለ። እዚያ ላይ ተቀመጠች። የማን ወንበር እንደሆነ ሳይነገራት ገብቷታል፤ ከዚያ ሆኖ የሚገባም የሚወጣም ሰው ሁሉ ይታያል።

«ከኮቱ እንጀምር» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፤ ኮቱ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ሰውየው ደጅ አላደሩም። የወጡት ካባራ በኋላ ነው። ያልመጣን ሰው ደግሞ ኦልጅራ ሊከለክል አይችልም።»

ኦልጅራ ያጣመራቸውን እጆቹን ፈታ። አቶ ሀብተሚካኤል ሰዓቱን አየ።

«ታዲያ የት ነበሩ? ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ጠጠር አለ። የሚሰጠው እዚህ አዳራሽ ሲገባ ነው፤ ሲወጣ ደግሞ አንዱ ይጣላል፣ አንዱ ይመለሳል፤ እሳቸው ሳይጥሉ ወጥተው አያውቁም። ጋሽ ወልደገብርኤል ገብተዋል፤ በእግራቸው ግን አልወጡም። የሞቱት እዚህ ነው። ብቻውን የሞተ ሰው ደግሞ አፉን የሚገጥምለት የለም። የእሳቸው አገጭ በፋሻ ታስሮ ነበር፤ ዱካው አለ። አንድ ሰው ዓይናቸውን ከድኗል፣ ወግ አድርሷል። ሐናን፣ ልጄ፣ አፋቸው ክፍት ነበር ወይ ብሎ የሚጨነቅ፣ የዘጋው ሰው ነው።»

ሐናን ማልቀስ ጀመረች። «ማታ ተረኝነት ስገባ እዚያ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። የተኙ መስለውኝ ስነካቸው ቀዝቅዘዋል። አልጋ ላይ አጋደምኳቸው፤ ሰው የለኝም ይሉ ስለነበር የሚደረገውን እኔው አደረግኩ። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግጄ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ‹ቤተሰብ ወሰዳቸው› አለኝ። ቤተሰብ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ‹ብታወሪ በአንቺ ተረኝነት ሞቱ ነው የሚባለው› ሲለኝ ግን ፈራሁ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለ አቶ ሀብተሚካኤል።

«እሱን አግዳሚው ነግሮናል» አለች ወርቅውሃ። «ገዳይ ቢሆን ሬሳ ይሸሽጋል፣ ሌባ ቢሆን ኪስ ይፈትሻል። ሬሳ አስተኝቶ አግዳሚውን መስመር የሚያሻግር ሰው ግን የሚያስጨንቀው ቁጥር ነው። ሉቃስ፣ የመጣሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው አልክ። በዚያን ሰዓት አግዳሚው ከመስመሩ ወዲህ ነበር፤ አስመልሼዋለሁ። ውጭ የነበረው ሬሳው ላዩ ላይ ሳለ ብቻ ነው።»

ሉቃስ ማኪያቶውን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠ።

«ማታ ቤቴ አልገባሁም፤ ለኮሚቴው ሰሌዳውን ሳድስ ነው ያደርኩት» አለ። «ኦልጅራ ሲያንቀላፋ አምቡላንስ በሚገባበት በር፣ በጋሪ አልጋ አወጣኋቸው። ፋሻውን ፈታሁት፤ አፋቸው ግን እንደተዘጋ ቀረ። ኪሳቸው መግባት… ነውር መሰለኝ።» ድንገት ድምፁ ከፍ አለ። «ስንት ዓመት ቀይ ነበርን! ሰው ሰሌዳችንን እያነበበ ይስቅብን ነበር። ያ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ እኮ እሳቸው ናቸው። ሌላው ታካሚ ጠጠሩን ኪሱ ይዞት ይሄዳል። በየቀኑ የሚጥሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

«ትናንት ከሰዓትስ አይተሃቸው ነበር?»

ሉቃስ ባጁን ከደረቱ ላይ ፈታ።

«‹ሉቃስዬ፣ ዛሬስ የምሬን አሞኛል፤ ደረቴን› አሉኝ። ‹ጋሼ፣ እርስዎ መቼ ተሽሎዎት ያውቃል?› አልኳቸው። ሳቅን። እሳቸውም… ሳቁ።»

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ የደረጃ ኮሚቴው ደርሷል።

«ለመሆኑ» አለ አቶ ሀብተሚካኤል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይህ ከመስመሩ ወዲህ ነው የሚቆጠረው?»

«ከዚህ ወንበር ላይ ነው የሚቆጠረው» አለች ወርቅውሃ። «ኮሚቴውን ያስገቡና ሰሌዳውን ከእነሱ ጋር ያርሙ። ሉቃስ ከእኔ ጋር ይሄዳል። አስከሬኑን የሚረከብ ሰው አለ?»

ሁሉም አንዱ ሌላውን አየ። ሰው የሌለውን ሬሳ ማዘጋጃ ቤት እንደሚቀብረው ያውቃሉ፤ ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቅሶ።

ኦልጅራ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ አለሁ። ለዕድሬ የአባቴ ወንድም ናቸው እላለሁ።»

«ወልደገብርኤል የኦልጅራ አጎት?»

«ዕድሩ ስም አይመረምርም፣ እትዬ። ድንኳን ነው የሚተክለው።»

«ይህን አልሰማሁም» አለች ወርቅውሃ። «ቀብሩ መቼ እንደሆነ ግን ንገረኝ። ለቅሶ መቀመጥ የሚችል ሰው ያስፈልግሃል፤ እኔ ቤት የሚጠብቀኝ የለም።»

ሰዉ ወጥቶ አለቀ። ወርቅውሃ ወንበሩ ላይ ጥቂት ቆየች። ማንም ምን ሆነሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ ስሟንም የጠራ የለም። ከዚያ ተነስታ ሁለቱን ጠጠሮች ከኪሷ አወጣች።

«ለማስረጃ አንዱ ይበቃል» አለች ለራሷ።

አረንጓዴውን መልሳ ኪሷ ከተተች። ቀዩን ሳጥኑ ውስጥ ለቀቀችው። ሳጥኑ ባዶ ስለነበር ድምፁ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ፤ የኮሚቴው ሰዎችም ዞር ብለው አዩ።