የአቶ ረጋሳ የእግር ጉዞ

«ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ሂድ ተንሸራሸር ለመባል ነው?»

አቶ ረጋሳ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ወረወሩት። አሶሳ ገበያ ውስጥ ኑግና ሰሊጥ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ክኒን ከጀመሩ ሦስት ወር ቢሆናቸውም የደም ግፊታቸው ከመቶ ሰባ አልወርድ ብሏል። ወጣቱ ጤና መኮንን ሰራዊት፣ ጤና ጣቢያው በቅርቡ በጀመረው አሠራር መሠረት፣ በየቀኑ ከከተማው ዳር ባለው የቀርከሃ ጫካ አርባ ደቂቃ በእግር እንዲሄዱ አዞላቸዋል።

«ክኒኑን አያቋርጡም፣ ጋሼ። ይሄ ተጨማሪ ነው።»

«መርፌ የለም?»

«የለም።»

ወረቀቱን ያነሣችው ልጃቸው ኢልሊ ነበረች። ዓይኗ ከሰራዊት ዓይን ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ አልመለሱም።

በማግስቱ ሰራዊት ከሥራ ሲመለስ ጫካው ውስጥ አገኛት።

«አባባስ?»

«ጠዋት ነው የሚሄደው። እኔ ለራሴ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብረው ሄዱ። አንዳንድ ቀን ብዙ ያወራሉ፤ አንዳንድ ቀን የረገፈው ቅጠል ከእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ሁለቱም እንዳላወቁ ይሆናሉ።

የአቶ ረጋሳ መከታተያ ካርድ አንድም ቀን ሳይጎድል ተሞላ። ግፊቱ ግን ያው ነው። ሰራዊት መለኪያውን በራሱ ክንድ ፈተሸ፣ በሌላ ለወጠ፣ ስለ ጨው ደጋግሞ ጠየቀ። ነርሷ ጸሐይ «ቀርከሃህ ጊዜው አልፎበት እንዳይሆን!» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን መሳቅ አቃተው።

በወሩ መጨረሻ «ሲሄዱ ያልብዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔ? በእኔ ፈንታ ኢልሊን እልክ የለም እንዴ! ክኒኑንም የምታመጣልኝ እሷ ናት። እኔ ጫካ ለጫካ ስዞር ቢያዩኝ፣ ረጋሳ ከሰረ ነው የሚሉት።»

አጠገባቸው የቆመችው ኢልሊ አቀረቀረች። ሰራዊት በር ላይ ጠበቃት።

«ወር ሙሉ ዋሸሽኝ። በአባትሽ ጤና!»

«እውነቱን ብነግርህ ታስቆመኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«አዎ፣ አስቆምሽ ነበር።»

«አየህ?»

ሰራዊት ወር ሙሉ ጠዋት ወጥቶ ሰውየውን ለማየት አለመሞከሩን አስታወሰ፤ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ተመልሶ ገባና ለአቶ ረጋሳ በራሳቸው እግር ካልሄዱ የሚመጣውን ሳይሸፋፍን ነገራቸው።

ሰውየው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ሐኪም አብሮኝ ከሄደ ሰው አያማኝም። አንተ ትወስደኛለህ» አሉ።

እሳቸው ሲሄዱ ሱቁን የምትጠብቀው ኢልሊ ሆነች። ሰራዊት ሁለት ወር ሙሉ፣ ከእሷ ጋር ባወጋበት መንገድ ላይ ስለ ኑግ ዋጋና ስለ ባምባሲ ነጋዴዎች ተንኮል ሲያዳምጥ ከረመ። ከእሷ የሚደርሰው ከሚዛኑ ኋላ የምትወረውረው አንድ እይታ ብቻ ነበር። ግፊቱ በየሳምንቱ ወረደ፤ የእሱ ትዕግሥት ግን አለቀ።

መቶ ሠላሳ ስምንት በገባ ዕለት አቶ ረጋሳ ጫካው መሃል ቆሙ።

«ድኛለሁ፣ አይደል? ታዲያ ምን ፈልገህ ነው የምትመላለሰው?»

«ኢልሊን።»

ሰውየው ጥቂት ርምጃ ሄዱ።

«ከሱቁ በተነሣን ቁጥር አንገትህ ወደ ኋላ ሲዞር፣ የታመመው ዓይኔ መስሎህ ነበር? ሽማግሌ ላክ።»

«እስከዚያስ፣ ጋሼ?»

«እስከዚያማ እኔን ታስሄዳለህ።»