በነፃ የተሰጠችው አሻንጉሊት

ቀረብ በሉ። መብራቱን ዝቅ አድርጉት። አንተ እዚያ በር ላይ ያለኸው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ አንድ እግርህን ውጪ ጥለህ የእኔን ጨዋታ አትሰማም። ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ልትሉኝ አፋችሁን እንዳሾላችሁ አይቻለሁ። ይህኛው ግን ላም የሚገባበት አይደለም። ላሟ ራሷ ብትሰማው ወተቷ ይደርቃል።

ጨለማ ስለሆነ ፈርታችኋል አይደል? ሞኞች! ክፉ ነገር በሌሊት ብቻ ይሄዳል ያላችሁ ማነው? ሌሊትማ ሰው በሩን ይዘጋል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሁሉም ይጠነቀቃል። እኔ የማወራችሁ የቀትሩን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፍ ዝም ሲል፣ ከብቱ ዛፍ ሥር ገብቶ ሲያመነዥክ፣ መንገዱ ላይ አንድም ሰው ሲጠፋ። ስድስት ሰዓት። እናቶቻችን "በቀትር ወንዝ አትውረዱ" የሚሉን ለምን ይመስላችኋል? ውሃው እንዳያልቅባቸው ነው?

እንግዲህ ድሮ፣ ስሙን በማልነግራችሁ መንደር፣ ይርዳው የሚባል ልዋጭ ነበር። ልዋጭ መቼም ታውቃላችሁ። መርፌና ክር፣ ትንንሽ መስታወት ይዞ በየደጁ ይዞራል፤ በአሮጌ ዕቃ ይለውጣል። "ልዋጭ! ያረጀ፣ የተሰበረ፣ ልዋጭ!" እያለ። ሰው ቸግሮት ወይም አገር ሊለቅ ዕቃውን ደጁ ላይ ሲዘረጋ፣ ይርዳው ከዝንብ ቀድሞ ይደርሳል። ድስቱን አያይም። መጥረቢያውን አያይም። እሱ የሚፈልገው ትንንሹን ነው። አውራ ጣት የምታህል የጭቃ በሬ፣ የብርጭቆ ዶሮ፣ የቆርቆሮ ፈረሰኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሻንጉሊት።

ሲያገኝ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? አውራ ጣቱን ይልስና ፊታቸውን በምራቁ ይጠርጋል። ከዚያ ጣቱን መልሶ ይልሳል። ኤጭ! የማን ንፍጥ ይሁን፣ የማን እድፍ ይሁን፣ ግድ የለውም። ቤቱ ወስዶ መደርደሪያ ላይ በተርታ ያቆማቸዋል። ማታ ማታ ፊታቸው ተቀምጦ ያወራቸዋል። ለሚስቱ ቃል የማይወጣው ሰውዬ!

ልጅም ነበረችው። ትርንጎ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። የእሷ አሻንጉሊት ምን ነበር? ጨርቅ የተጠመጠመበት የበቆሎ ቆረቆንዳ። ቀና ብላ መደርደሪያውን ካየች "እጅሽን ሰብስቢ! አይነካም!" ይላታል። አንዴ ፈረሰኛውን ብትነካ በጥፊ አጮላት። እናቷ ማንጠግቦሽ "አንተ ሰውዬ፣ ለልጅ የተሠራ ነገር ከልጅ ይደበቃል?" ብትለው፣ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አላት። ይኸው ነው መልሱ።

አንድ ቀን ወንዝ ማዶ አንዲት ሴት ዕቃዋን እየሸጠች ነው ሲባል ሰማ። ከረጢቱን አንጠልጥሎ ገሰገሰ። ሲደርስ ሴትየዋ ደጇ ላይ ቁርበት አንጥፋ ምንቸቷን፣ ወንፊቷን፣ እግሩ የተሰበረ በርጩማዋን ደርድራለች። ከጎኗ አንዲት ትንሽ ልጅ ጨርቅ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከጆሮዋ መግል ይወርዳል። ዝንቡ ዓይኗ ላይ ሲሰፍር እጇን አንስታ አታባርረውም። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይላል? "እግዜር ይማራት" ይላል። ይርዳው ያየው ግን ብብቷ ሥር ያለችውን አሻንጉሊት ነው።

ከፈረንጅ አገር የመጣች ናት። ጉንጯ ቀይ። ስትተኛ ዓይኗን ትከድናለች፤ ስትቆም ቀጭ ብላ ትገልጣለች። እንዲህ ያለች በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አንገቷ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። የቀሚሷ ጫፍ ላይ ደርቆ የጠቆረ ደም አለ፤ አንዲት የዶሮ ላባም ተጣብቃበታለች።

እናንተ ይህን ስትሰሙ ምን አላችሁ? ሩጥ! አላችሁ አይደል? በታመመ ሰው ራስ ላይ ዞሮ ጭዳ የተደረገ ነገር አይነካም። መንታ መንገድ ላይ ወድቆ ቢገኝ በሩቁ ይታለፋል። ያነሳው ሰው በሽታውን ነው የሚያነሳው። ይርዳው ይህን አያውቅም? ያውቃል እንጂ! እናቱ ነግራ አሳድጋዋለች። ስስት ግን ዓይን ይጋርዳል።

"እሷስ በስንት ናት?" አለ።

"እሷ አትሸጥም፣ ወንድሜ።"

"ሁለት መርፌና አንድ መስታወት።"

"አትሸጥም አልኩህ። ከወደድካት ግን በነፃ ውሰዳት።"

"በነፃ?"

"በነፃ። ብቻ ስትወስዳት 'ለእኔ ይሁን' በል። ሦስት ጊዜ።"

ሴትየዋ ይህን ስትል መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። እሷ ላይ አልፈርድም፤ ልጇ እየሞተችባት ነው። አልደበቀችውም እኮ። ክሩም፣ ላባውም፣ ደሙም ፊት ለፊቱ ነው።

"ለእኔ ይሁን" ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ልንገራችሁ? ልጃችሁ ትኩሳት ይዞት ሲያቃስት፣ ሳታስቡት ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ነው። የማይለው ወላጅ አለ? ይርዳው ለገዛ ልጁ አንድ ቀን ብሎት አያውቅም። ለአሻንጉሊቷ ግን ትንፋሽ ሳይወስድ አለው።

"ለእኔ ይሁን! ለእኔ ይሁን! ለእኔ ይሁን!"

ከልጅቷም ብብት መንጭቆ ወሰዳት። የደረቀውን ደም አውራ ጣቱን ልሶ ጠረገው፤ ከዚያ ጣቱን መልሶ ላሰው። እፍ! ይቅር በሉኝ፤ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ያቅለሸልሸኛል። ገና ከአጥሩ ሳይወጣ ልጅቷ ከኋላው "እማዬ፣ ውሃ" ስትል ሰማ። ዞር ብሎም አላያት።

መንገዱን ሲጀምር ቀትር ሆኗል። ከእሱ በቀር ሰው የለም። ጥላው እግሩ ሥር ተሰብስቧል። በነፃ አገኘሁ እያለ ብቻውን ይስቃል።

መጀመሪያ ሽታ መጣ። የመግል ሽታ። "የሞተ ውሻ ይኖራል" አለ፤ አፍንጫውን ይዞ አለፈ። ውሻ ግን አልነበረም። ጥቂት እንደሄደ ከረጢቱ ጀርባው ላይ ሞቀው። የሞቀው እንደ ዕቃ አይደለም፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ አዝላችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ከዚያ ደግሞ ከበደው። ጀርባው ራሰ። ላብ ነው ብሎ በእጁ ዳበሰው። ቢጫ ነበር።

ታዲያ ያኔስ አይጥላትም? እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ቢጥላት ኖሮ ይህን ወሬ ማን ያወራላችሁ ነበር? "እንዲህ ያለች መቼም አላገኝ" አለና ከረጢቱን አጥብቆ ያዘ።

ወንዙን ሲሻገር ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። የእሱ ጥላ እግሩ ሥር ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ጥላ አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የልጅ ጥላ። በቀትር ረጅም ጥላ ከየት ይመጣል? ቆመ። ጥላውም ቆመ። ሄደ። ከኋላው ባዶ እግር ጭቃውን ጨቅ፣ ጨቅ አደረገው። ከዚያ ትንሽ እጅ የጋቢውን ጫፍ ያዘ።

"ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ" አለ የልጅ ድምፅ። "ለምን ትቸኩላለህ?"

ዞር አለ። ልጅ ናት ልበላችሁ? ቁመቷ የልጅ ነው። ጉንጯ ቀይ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ክር። ዓይኖቿ ተከድነዋል፤ በሽፋሽፍቱ መሃል መግሉ ይንጠባጠባል። ቀና ስትል ዓይኖቿ ቀጭ ብለው ተከፈቱ። ውስጣቸው ምንም የለም።

"ወይ ተሸከመኝ፣ ወይ ለልጅ ስጠኝ" አለችው።

ይርዳው ሮጠ። የሚረግጠውን እንኳ ሳያይ እየወደቀ እየተነሳ ሮጠ። ጨቅ፣ ጨቅ፣ ጨቅ ከኋላው። የቤቱ አጥር ታየው። ትርንጎ ደጁ ላይ ናት። እንደ ሁልጊዜው እየሮጠች መጣች።

"አባባ! ምን አመጣህልኝ?"

በየቀኑ ትጠይቀዋለች፤ በየቀኑ ምንም ይላታል። በዚያን ቀን ግን ከረጢቱን ፈታ። አሻንጉሊቷን አወጣ። ዘረጋላት።

"እንኪ" አላት።

ሰማችሁ? በዕድሜው አንድ ጊዜ ለልጁ ሰጠ፤ የሰጣትም ያንን ነው። ወግድ እንዲህ ያለ አባት! ልጅቷ ደስታዋን አልቻለችውም፤ እልል አለች፤ አቅፋ ሳመቻት። እሱ ጀርባው ቀለለው። "እፎይ" አለ። ገብቶም ምሳውን በላ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትርንጎ ትኩሳት ያዛት። ማምሻውን ከጆሮዋ መግል ወረደ። አሻንጉሊቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ አለቅም አለች። ማንጠግቦሽ ጎንበስ ስትል ክሩን አየች፣ ላባውን አየች። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

"ይህን ከየት አመጣኸው?"

ተናገረ። ፈርቷልና ሁሉንም ተናገረ።

"የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ" አለችው። "በል ና። አሻንጉሊቷን ልጅህ ራስ ላይ ላዙርልህና 'ለእኔ ይሁን' በል። ሴትየዋ ደጅ ላይ ሦስቴ ብለኸው የለ? እዚህ አንዴ በለው።"

ይርዳው ልጁን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ከንፈሩን ላሰ።

"እኔ ብሞት" አለ፣ "ይህን ሁሉ ማን ይጠብቀዋል?"

ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ተነስታ ከጥግ ያንን ቆረቆንዳ አመጣችና በልጇ እጅ አስያዘቻት። ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ ዳበሰችው፤ አወቀችው። ወደ ደረቷ ሳበችው፤ ያቺኛዋን ለቀቀቻት። እናቲቱ አሻንጉሊቷን በክሩ አንጠልጥላ መደርደሪያው ላይ፣ መሃል ላይ አቆመቻት። ቀጭ! ዓይኗን ገለጠች።

"የራስህን ዕቃ ራስህ ያዝ" አለችው። ልጇን አዝላ ወጣች። ወንዙን ሲሻገሩ ትኩሳቱ በረደ፤ ትርንጎ ከጀርባዋ ላይ "እማዬ፣ ውሃ" አለች። ማንጠግቦሽ ያኔ ተቀምጣ አለቀሰች።

ይርዳውስ? በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ሰው ሽታውን ተከትሎ መጣ። በሩን ገፍተው ገቡ። መደርደሪያው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ፣ ዓይኑን ከድኖ ተኝቷል። አንገቱ ላይ ቀይ ክር። ዝንብ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለት ጎበዞች አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ ብብቱን ይዘው ቀና አደረጉት።

ቀጭ!

ዓይኑ ተከፈተ። ጎበዞቹ ለቀቁት። ሲወድቅ ተከደነ። አንዱ፣ ልበ ሙሉው፣ "ተሳስተን ይሆናል" ብሎ እንደገና ቀና አደረገው። ቀጭ! ውስጡ ምንም የለም። ከዚያ ወዲያ ማን ይነካዋል? ቤቱን በላዩ ላይ አፈረሱበት።

አሻንጉሊቷማ መደርደሪያው ላይ አልነበረችም። ከገቡት ሰዎች አንዱ፣ ለልጄ ብሎ ይሁን ለራሱ፣ ጋቢው ሥር ይዟት ወጥቷል። እንግዲህ ደጅ ላይ ዕቃ ተዘርግቶ ስታዩ፣ "በነፃ ውሰድ" ሲሏችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። በቀትርም ብቻችሁን አትሂዱ።

ተረቴን እንዳትመልሱልኝ፤ አልቀበልም። አፌንም በዳቦ አታብሱ፤ ውሃ ስጡኝና ልጉመጥመጥ። ጨዋታዬን እዚሁ መሃላችሁ ጥዬዋለሁ። ሳትጠየቁ፣ ሳትከፍሉ፣ በነፃ ሰማችሁኝ አይደል?

በሉ፣ ማን አነሳው?