የቀያሹ ደብተርና አርባ አንዱ ጎጆ

አንባቢ ሆይ፣ ሰውን የሚጨርሰው በግንድ ቀዳዳ የተቀመጠች ጭብጥ የምታህል ወፍ ናት፣ ወይስ «ወፏ ጨረሰችን» ብሎ በማኅተሙ ያጸደቀ ሹም? መልስህን ያዝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት፣ በትልቁ የወባ ንዳድ ዓመት፣ የአገረ ገዢው መሬት ቀያሽ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመለኪያ ሰንሰለቱን ጠቅልሎ ከከተማው ዳር ካሉት ሾላዎች ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር፤ ዓይኑንም ከአንድ የግንድ እብጠት ላይ ተክሎ ይጠብቃል፤ ድንገት እብጠቱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ መልሶም ይገልጣል። ትንሿ ጉጉት! ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አያውቅም ነበር። በልኬት ደብተሩ ጀርባም ዛፉን፣ ርቀቱን በክንድ፣ የቀዳዳውን አቅጣጫ ሳይቀር ይጽፋል፤ አርባ አንድ ጎጆ ሞላለት።

«እኔ እንደሆነ ግንድ ብቻ ነው የሚታየኝ» እያለች አብራው የምትኖረው እህቱ ትስቅበት ነበር።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እሱ ራሱ ያይሻል።»

ንዳዱ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ የጎተራው ሹም «ጉጉት በጣሪያዬ ላይ ጮኸች» ብሎ ለገዢው አመለከተ። ገዢው ያልተማረ ሰው አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው! ሕዝቡ «ምን አደረግህልን?» ብሎ ሳይነሣበት በፊት ጥፋተኛ አስፈለገው፤ የጎጆዎቹንም ደብተር ሰምቶ ነበርና ቀያሹን አስጠራ።

«መጣ የጉጉቶቹ አማች!» አለ የጎተራው ሹም።

«ደብተርህን ወዲህ በል» አለ ገዢው።

«ጌታዬ፣ እነሱ እኮ አይጥ ነው የሚበሉት።»

«እህትህ ከተኛች ስንት ቀኗ ነው?»

«ዛሬ አምስት።»

ገዢው መሳቢያውን ስቦ የንዳድ መድኃኒት ያለበትን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ቀያሹ ደብተሩን ከብልቃጡ አጠገብ አስቀመጠ።

ወታደሮቹ መፈለግ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ልኬቱ በአንዲት ክንድ እንኳ አልተሳሳተምና በሦስት ቀን ጉጉቶቹ ሁሉ አለቁ፤ በጎተራውም በር ላይ ተሰቀሉ። ዓይናቸው ግን አልተከደነም፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር።

እህቱ ዳነች። በአሥረኛው ቀን ተነሥታ በወንድሟ ተደግፋ ወደ ሾላዎቹ ወጣች፤ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነዋል።

«ወንድሜ፣ ዛሬስ ታየኝ። እዚያ፣ እብጠቱ ላይ።»

«የለም እኮ፤ አልቀዋል።»

«ታዲያ የሚያየን ማነው?»

ቀያሹ ግንዱ ላይ ወጥቶ እብጠቱን ዳሰሰው። ቅርፊት ነበር፤ ግን እንደ ገላ ይሞቅ ነበር።

ከመከር በኋላ አይጥ ጎተራውን ባዶ አስቀረው፤ ከንዳድ የተረፈውን ረኃብ ጨረሰው። የገዢው ዜና መዋዕል ግን «ገዢው በብልሃታቸው የሞት ወፎችን አጥፍተው ሕዝባቸውን ታደጉ» ይላል፤ ስለ አይጡ አንዲት መስመር የለውም። ደብተሩ ያው ከዜና መዋዕሉ ጎን፣ በመዝገብ ቤቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ከአርባ አንዱ ጎጆ በታችም በቀያሹ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «አርባ ሁለተኛ። ቦታው አልታወቀም። ያያል።»

እንግዲህ አንተ ዜና መዋዕሉን በወርቅ ቀለም አሳምረህ ያሳተምህ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ደብተሩን ከመደርደሪያው አውርድ፤ አደባባይ ወጥተህ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት መልስ፦ ያን ሕዝብ የጨረሰው ማነው?