ዝናብ ያልነካው ወረቀት

ኢሞጀን ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። አንዲት የዝናብ ጠብታ እንኳ አልነካችውም።

«አርባ ሁለት ፊርማ፣ ትናንት ከሰዓት ብቻ?»

«ምን ላድርግ፣ ሰው ይወደኛል» አለ አብሯት ፊርማ የሚያሰባስበው ሪስ፣ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ።

ትናንት ከሰዓት ዶፍ ነበር የወረደው። እሷ በሦስት ቀን ያስፈረመችው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ሌላው በሩን ዘግቶባታል። እናቷ ደግሞ የብርዱን ወራት በሙሉ ደጅ ለደጅ ስትዞር ነው የከረመችው። የከተማቸውን የዌስትሃርንን ከንቲባ የምክር ቤት አባላት ከመካከላቸው መምረጣቸው ቀርቶ ሕዝቡ ይምረጠው ወይ የሚለው ጥያቄ ለድምፅ እንዲቀርብ፣ ነገ እስከ ቀትር አራት ሺህ ፊርማ ማስገባት አለባቸው። በሪስ ወረቀት ሠላሳ ይተርፋቸዋል። ያለ እሱ አሥራ ሁለት ይጎድላቸዋል።

አይዳ ፔንሮዝ። ሲሪል ባክስተር። ስሞቹን የሆነ ቦታ የምታውቃቸው መሰላት። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ክው አለች። ሬጂናልድ ታትል። የእናቷ አባት።

አያቷ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ስሙ ባሕር ዳርቻው መናፈሻ ውስጥ፣ ቤተሰቡ ለመታሰቢያው ባቆመለት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ተጽፏል። እዚያ ያለው ወንበር ሁሉ የሟች ስም አለው። ሪስ ወደ ከተማዋ የመጣው አምና ስለሆነ የማን ስም እንደገለበጠ አያውቅም።

«የጻፍከው መናፈሻው የዝናብ መጠለያ ውስጥ ተቀምጠህ ነው አይደል?»

ሪስ ብስኩቱን ተወው። «አታካብጂ፤ ማን ያጣራል? ደግሞስ ለማን ብዬ ነው? እናትሽ ስታለቅስ አይቻለሁ።»

«ቢያጣሩስ? የቀረውን ፊርማ ማን ያምነናል?»

«ዝም በይ በቃ። ሙታን አይከሱንም።»

ይሄኔ ተናደደች። እሷ በእናቷ ሐሳብ ብትስማማም፣ አያቷ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲቃወመው የኖረ ሰው ነው። «ምክር ቤቱን ትታችሁ ሥልጣኑን ሁሉ ለአንድ ሰው ብትሰጡ ማን ይመልሰዋል?» እያለ ከእናቷ ጋር እራት ጥለው የተነሱበት ቀን ብዙ ነው። አሁን በሪስ እጅ ተስማምቷል።

ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከእናቷ ክምር ላይ ባዶ ቅጽ አነሳችና ካፖርቷን ለበሰች።

«ተነስ። ሳይጨልም አሥራ ሁለት ሰው እናገኛለን።»

«አንቺ የመንገዱን ግራ ያዢ፣ እኔ ቀኙን ልያዝ?»

«አብረን ነው የምንዞረው። ሰው ሲፈርም በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ሪስ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። የጎረቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆም አለ።

«ባይሞላስ?»

«ያኔ አያቴ ያሸንፋል» አለችና ደወሉን ተጫነች።