ፊት ለፊት አንገጥምም

መሐሪ በገዛ ጌም ቤቱ ወለል ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ከግራ ጆሮው በላይ የራስ ቅሉ ተበስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ አግዳሚው ሥር ፈስሶ ረግቷል፤ ግድግዳው ላይ በተለጠፉት የአርሴናልና የማንቸስተር ተጫዋቾች ላይም ተረጭቷል። ነፍሱን ይማረውና፣ ለሁለቱም ክለብ ሳያዳላ የለጠፋቸው እርሱ ራሱ ነበር።

ዋና ሳጅን ሐረገ ወይን ከደብረ ታቦር ተጠርታ ንፋስ መውጫ ስትደርስ ከተማው ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ። «ቻላቸው ነው።»

«ገዳዩ ከተያዘ እኔን ምን አስጠራችሁኝ?»

«የሟቹ ወንድም አስፈርቶን ነው እንጂ ነገሩስ ያለቀ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሐሪና የቻላቸው አባቶች ስማዳ ላይ በእርሻ ወሰን ተጣልተው፣ የቻላቸው አባት የመሐሪን አባት ገደለ፤ እርሱም በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ደመኛ ናቸው። የመሐሪ እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ የሸሸችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማታ ተጫዋቹ ሁሉ ሲበተን ከመሐሪ ጋር የቀረው ቻላቸው ነበር፤ ሹራቡም አግዳሚው ላይ ተረስቷል። ለከተማው ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ ቅንጦት ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ይግዛው፣ ቻላቸው ተይዞ ሲወሰድ ፖሊሶቹን ጥሶ አፉን በድንጋይ ብሎ ጥርሱን አርግፎታል። «እሱ ቢታሰር ወንድሞቹ አልታሰሩም» ብሎም ምሏል። ስማዳ ያሉት የቻላቸው ወንድሞች ይህን ሰምተው ጠመንጃቸውን ወልውለዋል።

ሐረገ ወይን እንዲህ ያለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ለአንድ ሬሳ ተጠርታ የአንድ ቤተ ሰብ ሬሳ ያነሣችበት ጊዜ ነበር፤ ከመካከላቸው ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበረበት። ያለ ገዳዩ ሰው ካሰረች ደሙ እንደማይቆም ገብቷታል፤ ፈራችም። ፍርሃቷን ግን እንደ ልማዷ በቁጣ ሸፈነችው።

«ውጡልኝ ሁላችሁም! ሬሳ ሠርግ ነው እንዴ የምትሰበሰቡበት?»

ብቻዋን ስትቀር ጎንበስ ብላ ማየት ጀመረች። ከሬሳው አጠገብ ከባድ የብረት ስታብላይዘር ወድቋል፤ ኮረንቲው ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃ እንዳያቃጥል የሚያደርገው ሳጥን ነው። ሆዱ ደም ተቀብቷል፤ ማዕዘኖቹ ግን ንጹሕ ናቸው። ቁስሉ ደግሞ ጠባብና ጥልቅ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ክብ ነው። ጠረጴዛው ላይ የመጫወቻዋ ማሽን በአግባቡ ተቀምጣለች፤ አንዱ ጥግዋ ግን ተሰንጥቆ የወለሉ አፈር ገብቶበታል። ሁለቱ ጆይስቲኮች በአግዳሚው በዚህኛውና በዚያኛው ጫፍ፣ ገመዳቸው እስኪወጠር ተራርቀው ተቀምጠዋል። በትግል መሀል የወደቀውን ዕቃ ሰው አንሥቶ አሰናድቶታል። ሰው ገድሎ ቤት የሚያሰናዳ ምን ያለ ሰው ነው አለች በልቧ።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ቀለመ ወርቅን አስጠራች። ጧት መሐሪን ሞቶ ያገኘው እርሱ ነው፤ የሂሳብ መምህር ነው፣ ከክፍሉ ይልቅ ጌም ቤት ውስጥ በጨዋታ ችሎታው የሚፈራ። በዚያ ብርድ ያልበዋል። ማላቡ ምክንያት አለው፤ ሰሞኑን መሐሪ በሰው ፊት አባሮታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሐሳብ ነው ሳጅን። በጨዋታ ሐሳብ።»

«እኮ በምን?»

«እኔ የምለው፣ ሰው ከሰው ካልገጠመ ጨዋታ አይባልም። ተሸናፊ ይነሣል፣ አሸናፊ ይቀጥላል፤ የጌም ቤት ሕጉ ይኸው ነው። መሐሪና ቻላቸው ግን አንድም ቀን ተጋጥመው አያውቁም። መሀል አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ አንድ ቡድን ለሁለት ይዘው፣ ማሽኗን ነው የሚገጥሙት። ‹ፊት ለፊት አንገጥምም፤ አባቶቻችን ገጥመው አይተናል› ይላሉ። ጌም ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

ቀለመ ወርቅ አንገቱን ደፋ። «‹ደመኛህን ፈርተኸው ነው› አልሁት። ውጣ አለኝ። ጧት የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።»

ሐረገ ወይን ዓይን ዓይኑን ስታየው ቆየች። ከዚያ «እስቲ ጨዋታ ክፈትልኝ፤ እኔም ልየው ይህን ጉድ» አለችው።

መምህሩ ግራ ተጋብቶ ኮረንቲውን ሰካ፤ ወደ ማሽኗ ሲዞር ግን «ውይ! ማነው ያቃናት?» አለና ገልብጦ በጀርባዋ አስተኛት።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ሌንሷ ደክሟል። ቀና ካለች ሲዲ አታነብም፤ ስትገለበጥ ብቻ ነው የምትሠራ። መሐሪ ጀርባዋ ላይ የጎማ እግር ለጥፎላታል፤ ይኸው።»

«ማታ ሲዘጋስ አያቃናትም?»

«ኧረ ማንም አይነካት! ተገልብጣ ታድራለች፣ ተገልብጣ ትውላለች።»

ሳጅኗ ይህን በልቧ ይዛ ወጣች፤ ዝም አይነቅዝም።

ፖሊስ ጣቢያ ቻላቸው ከንፈሩ አብጦ፣ ቃሉ በተሰበረው ጥርሱ መካከል እያፏጨ መለሰላት። ማታ መሐሪን ደህና እደር ብሎት እንደሄደ፣ ሹራቡንም እንደረሳ ነገራት።

«ስለምን ነበር የምታወሩ?»

«ስለ እርቁ። መሐሪ የበኩር ልጅ ነው፤ የቤቱ ቃል የርሱ ነው። እሺ ብሎ ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ስማዳ ወርደው ሊያስታርቁን ነበር።»

«ይህን የማይወድ ማነው?»

«እኛ ቤት የለም። እነሱ ቤት ያለውን እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሐረገ ወይን ከጣቢያው ወጥታ ስትሄድ አንድ ነገር አብሰለሰለች። መሐሪ ሲሞት የቤቱ ቃል ለይግዛው ያልፋል። ይግዛውስ የማንን ቃል ይሰማል?

መልሱን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አገኘችው። ይግዛው ዓይኑ ደም ለብሶ ተቀምጧል፤ ጆሮው ሥር የአባቱ ወንድም፣ ከስማዳ የመጡት አያ ጓዴ፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እያሉ ያንሾካሽኩለታል። ሳጅኗ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አያ ጓዴ፣ ማታ መሐሪን አይተውት ነበር አሉ?»

«እንዴታ ልጄ! ልጠይቀው ብዬ እደጁ ድረስ ሄድሁ። ያ ደመኛችን ከውስጥ ነበረና አልገባሁም፤ ደመኛ ካለበት ቤት አልገባም። በበሩ ክፍተት ግን አየኋቸው። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ሆነው ሲገጥሙ። የኛው ልጅ አሸነፈው፤ ያ ተናዶ ይሳደባል። ምነው ያን ጊዜ በገባሁ!» ደረታቸውን መቱ።

ሐረገ ወይን በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ግን እግራቸው መካከል በቆመው ዱላ ላይ ነበር። ቅርፊቱ ገና የተላጠ፣ ቅቤ ያልጠጣ፣ ጭስ ያልነካው ነጭ ዱላ ነው። እንዲህ ያለውን ዱላ ጎረምሳ እንኳ ይዞ ሰው ፊት ለመቅረብ ያፍራል።

ወደ ጓዳ ዘልቃ የመሐሪን እናት ወለተ ሥላሴን ስለ አያ ጓዴ ዱላ በጆሮዋ ጠየቀቻት።

«ዱላ? የሱ ዱላማ የሟቹ ባሌ ነው፤ ጫፉ ብረት የለበሰ። ወንድሙ ከወደቀበት ነው ያነሣው። እንኳን ሊጥለው፣ ተኝቶም አይለየው» አለች። ከዚያ በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ድንኳኑ አየች፤ አየችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነከሰችው።

በማግስቱ ሐረገ ወይን ሁሉንም ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ጠመንጃ ያለው ሁሉ በር ላይ አስረከበ። ወለተ ሥላሴ፣ ይግዛውና አያ ጓዴ በአንድ በኩል፣ ቀለመ ወርቅና ተጫዋቾቹ በሌላው በኩል ሆኑ። አያ ጓዴ ያረፉባት ጠላ ሻጯ ላቀች በሩ አጠገብ ቆማለች። ቻላቸው እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ነው። የደሙ ሽታ ገና ከወለሉ አልወጣም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አለች ሳጅኗ። «አያ ጓዴ፣ ያዩትን ይድገሙልን።»

አያ ጓዴ ደገሙት። ፊት ለፊት ሲገጥሙ የሚለው ላይ ሲደርሱ ተጫዋቾቹ ጉምጉም አሉ።

«ኧረ እነሱ ተጋጥመው አያውቁም!» ብሎ ጮኸ ቀለመ ወርቅ።

«ቆይ! ጨዋታው ሲካሄድ ማሽኗ እንዴት ነበር የተቀመጠችው አያ ጓዴ?»

«እንዴት ትቀመጥ? እንደ ማንኛውም ዕቃ በእግሯ ነዋ፤ ስሟ የተጻፈበት ወደ ላይ ሆኖ።»

አንዱ ተጫዋች ሳይታሰበው ሳቀ፤ ወዲያው ደነገጠና አፉን በእጁ ያዘ። ሐረገ ወይን ማሽኗን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጠችው። ማሽኗ ተገልብጣለች፤ ስሟ ከታች ነው።

«ይህች ዕቃ ቀና ካለች አትሠራም። እኔም ትናንት ነው ያወቅሁ። ሬሳው ሲገኝ ግን ቀና ብላ ነበር። በትግሉ መሀል ወድቃለች፤ ገዳዩ አንሥቶ በእግሯ አቆማት። ተጫዋች ቢሆን እጁ ራሱ ይገለብጣት ነበር። ስለዚህ ገዳዩ እዚህ ቤት ተጫውቶ አያውቅም። ቻላቸው አይደለም፤ መምህሩም አይደለም። ጆይስቲኮቹንም ያራራቃቸው፣ ደመኞች ሁሉ ተራርቀው እንደሚቀመጡ የሚያስብ ሰው ነው። አብረው የሚጫወቱት ግን እዚህ፣ መሀል ላይ፣ ትከሻቸው እየተነካካ ነበር።»

«የጌም ነገር እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ አያ ጓዴ። «ምሽት ነው፤ ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ስሟ የተጻፈበት ወደ ላይ እንደነበር ግን ዓይንዎ አልተሳሳተም። ያንን ያየ፣ ከገዳዩ በቀር፣ ሬሳው ከተገኘ በኋላ የገባ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ማታ አልገባሁም ብለዋል፤ ጧትም እዚህ አልገቡም።» ከኪሷ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጥላሸት የለበሰ የብረት ጫፍ ነው። «ስታብላይዘር እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይበሳም፤ ደሙም የተቀባው ለይምሰል ነው። ይኼ ግን ከቁስሉ ጋር ልክ ነው። ላቀች፣ ከየት አገኘሽው?»

«ከምድጃዬ አመድ» አለች ላቀች። «አያ ጓዴ ትናንት ጧት ዱላቸውን ሰባብረው ሲማግዱት አየሁ። ምነው ብላቸው፣ ነቅዞብኝ ነው አሉኝ።»

ወለተ ሥላሴ ብረቱን ተቀብላ በመዳፏ አገላበጠችው። «የባሌ ነው» አለች። «ልጄን በአባቱ ዱላ ገደልኸው።» እርስዎ ማለት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀረ።

ጓዴ ቀና አለ። አልካደም፤ ይልቁንም ተኮፈሰ። «አዎ! የወንድሜን ደም በጨዋታ ሊሸጠው! ተው አልሁት፤ ለመንሁት። ‹አጎቴ፣ እኔ ታርቄያለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ጀርባውን! እሱ ከሄደ ይግዛው ወንድ ነው፣ ደማችንን ይመልሳል ብዬ ነው።»

ይግዛው እንዴት እንደተነሣ ማንም አላየም። አጎቱን አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ የሽማግሌው አፍንጫ ተሰብሮ ደም ሸሚዙን አለበሰው። ፖሊሶቹ ሲንደረደሩ ካልሲው ውስጥ የደበቀው ጩቤ የአጎቱ ጉሮሮ ላይ ነበር። ቆዳው ተቀዶ ደም ወረደ።

«ውጋ!» አለ ጓዴ እየሳቀ። «ወንድ ከሆንህ ውጋ!»

«አትቅረቡ» አለች ሐረገ ወይን ለፖሊሶቿ። ከተንቀሳቀሱ ጩቤው እንደሚገባ ታውቃለች።

ወለተ ሥላሴ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። «ውጋው ልጄ» አለች። «ብቻ አንድ ነገር ንገረኝ። የአጎትህን ደም ማን ይመልሰዋል?»

ይግዛው ጩቤውን ባለበት ገታው።

«ልጅ የለው፣ ወንድም የለው። የወንድሙ ልጅ አንተ ብቻ ነህ። ተረኛው ደም መላሽ አንተ ነህ ይግዛው። ገዳዩን ፈልገህ ትገድላለህ? ገዳዩስ ማነው? እኔስ ከዚያ በኋላ ማንን እቀብራለሁ?»

የይግዛው እጅ ላላ። ጩቤው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እርሱም እዚያው ግድግዳው ሥር ተንሸራትቶ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አነባ። ሐረገ ወይን ጩቤውን በእግሯ ገፋችው። ካቴናውን ከቻላቸው እጅ ፈትታ ጓዴን አሰረችበት። ሽማግሌው እየተጎተተ ሲወጣ «አሳፈራችሁኝ! አሳፈራችሁኝ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ቻላቸው ግን ነጻ ወጥተሃል ሲባል አልሄደም። የካቴናው ቀለበት የላጠውን እጁን እያሻሸ ወለተ ሥላሴ ፊት ቆመ።

«እማማ» አለ፤ ቃሉ በጥርሱ መካከል ያፏጫል። «አገር ምድሩ አልቅሶለታል። እኔ ብቻ ነኝ ያላለቀስሁለት። ለቅሶ ቤት ልግባ?»

ደመኛ ደመኛው ቤት አይገባም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ወለተ ሥላሴ የቤቱ ቃል ወደተላለፈለት ወደ ታናሹ ልጅዋ ዞረች። ይግዛው ዓይኑን ከወለሉ አነሣ፤ ራሱ በድንጋይ የሰበረውን አፍ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ግባ» አለው በመጨረሻ። ተነሥቶም አብሮት ወጣ።