የሰባት ግራር ጣቢያ የመጨረሻ ገጽ

አቶ ንዋይ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ በሚገኘው አፓርታማቸው፣ ኮምፒዩተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2006፣ ረቡዕ ጠዋት ነበር። አጠገባቸው ባዶ የኢንሱሊን መርፌና አንድ የታተመ ወረቀት ተቀምጧል። ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ስለነበረ የፖሊስ መርማሪው ኮል አስተርጓሚዋን ፈትለወርቅን አስጠራት።

ፈትለወርቅ አዲስ አበባ ሳለች አሥራ ሁለት ዓመት ወንጀል መርምራለች። እዚህ ታክሲ ትነዳለች፤ ፖሊስ ሲጠራት ታስተረጉማለች። ሬሳውን አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። ከብዙ ሬሳ በኋላ ልቧ ደንዝዞ የቀረ፣ ዓይኗ ብቻ የሚሠራ ሰው ነበረች።

ወረቀቱን አነበበች። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የጭነቱ ባቡር ሲመጣ የማቆሚያውን ምልክት ያላሳየሁት እኔ ነኝ። የአሥራ አንድ ሰው ደም በእጄ ነው። ከእንግዲህ መኖር አልችልም።»

«ራሱን አጥፍቷል ማለት ነው» አለ ኮል።

«ሌላውንም ላንብበው» አለች።

ሌላው፣ አቶ ንዋይ ለሦስት ዓመት የጻፉት የጣቢያቸው ታሪክ ነበር። ሰባት ግራር በጅቡቲ መስመር በረሃ ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት፤ አንድ የውሃ ጋን፣ አንድ ትኬት መሸጫ፣ ባቡር ሲቆም የግመል ወተት ይዘው የሚሮጡ ሴቶች። በ1971 ዓ.ም. የጭነት ባቡር ቆሞ የነበረ የመንገደኛ ባቡር ገጨ። የጣቢያው ሹም ንዋይ አራት ዓመት ታሰሩ። ጣቢያዋ ተዘጋች፤ ጣሪያዋ ተነቅሎ የፍየል በረት ሆነች። ከገጽ አርባ አንድ እስከ አርባ ስድስት ያለው ግን የለም፤ ከኮምፒዩተሩም ተሰርዟል።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ፈትለወርቅ ሦስቱንም አነጋገረች።

ልጃቸው እምነት ግሪን ቫሊ ራንች ከሚባለው ሰፈር መጣች። በአራት ዓመቷ አሜሪካ የገባች ናት።

«ዳዲ ራሱን አይገድልም፤ ኖ ዌይ» አለች። «በሚቀጥለው ወር ሊያሳትመው ነበር።»

«አንብበሽዋል?»

«ፊደሉን አላውቅም። ኔቨር ለርንድ።»

ቀጥሎ የሟቹ የቅርብ ወዳጅ አቶ በድሉ መጡ፤ በዚያ ቀን የጭነቱን ባቡር የነዱት እሳቸው ናቸው።

«አደጋው በስንት ሰዓት ነበር?» አለቻቸው።

«አሥራ አምስት ሰዓት ከሃያ።»

«በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት?»

«ምድር ባቡር ሌላ ሰዓት አያውቅም። እኔና ንዋይ እስከዛሬ እንደዚያው ነን።»

ሦስተኛዋ የአቶ በድሉ ባለቤት ወይዘሮ ከበቡሽ ነበሩ፤ የስኳር በሽታ የነበረባቸውን አቶ ንዋይን የሚያስታምሙት፣ መርፌም የሚወጓቸው እሳቸው ነበሩ።

«ማክሰኞ በሰባት ሰዓት ምሳ አብልቼው ወጣሁ» አሉ።

«ኮምፒዩተር ላይ ማን ያግዛቸው ነበር?»

«እኔ። ድሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ ያስለመድኩት እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉም እዚያው ሳሎን ተሰበሰቡ። ኮል በሩ አጠገብ ቆመ።

«ይህን ወረቀት አቶ ንዋይ አልጻፉትም» አለች ፈትለወርቅ። «በመጽሐፉ ውስጥ ሰዓት ስልሳ ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል። ስልሳ ሦስቱም በባቡር አቆጣጠር ነው። ይህ ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀጠለች።

«እምነት አማርኛ አትጽፍም። አቶ በድሉ ቢጽፉት ኖሮ አሥራ አምስት ሰዓት ይሉ ነበር። ከፊትና ከኋላቸው ካሉት ገጾች እንደሚታየው፣ የጠፉት ስለ አደጋው ቀን ናቸው፤ ጥፋቱ የነጂው እንደነበር የሚናገሩ ይመስለኛል። ቁልፍ ያለው፣ አማርኛ የሚተይብ፣ በባቡር ሰዓት የማይቆጥር፣ መርፌው የት እንዳለ የሚያውቅ፣ የነጂውን ስም ማዳን የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ከበቡሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። «ለልጆቻችን ብዬ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። «አባታችሁ አሥራ አንድ ሰው ገደለ ተብሎ እንዳያነቡት።»

አቶ በድሉ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ያን ምዕራፍ ለንዋይ የነገርኩት እኔው ነኝ» አሉ። «ንዋይ አልጽፍም ብሎ ነበር። በእኔ ጥፋት አራት ዓመት ታስሮ እንኳ፣ ሽማግሌ አላዋርድም አለኝ። እንዲጽፈው ሁለት ዓመት ለመንኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ።

«አፈርኩ።»

ኮል ምን እንደተባባሉ ጠየቀ። ፈትለወርቅ ቃል በቃል ተረጎመችለት። «አፈርኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እንግሊዝኛው ጠፍቶባት ቃሉን በአማርኛ ደገመችው፤ ከዚያ ነው የተረጎመችለት።